ነጠላውን ያዘቀዘቀው አሰልጣኝ

አሰልጣኝ ኣረጋዊ ሞቶ የተገኘው በመፃጉዕ ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ቀና በል! እጅህን አወዛውዝ!" እያለ በጮኸበት ሜዳ ላይ ነው። ከሲሚንቶው የተመልካች መቀመጫ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። የታችኛው ደረጃ ጠርዝ የራስ ቅሉን ከኋላ መትቶታል። ከቀኝ እጁ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ችካል ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር ለተመድህን አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ስድስቱን በወንጀል ምርመራ አሳልፋለች። ሬሳ ስታይ ቀድማ የምታየው ፊቱን ነው። ቁስሉ የትም አይሄድም ትላለች።

የኣረጋዊ ዓይኖች ተከድነዋል።

"በራሳቸው ይሆን የተከደኑት?" ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

"እንዲህ ወድቆ የሞተ ሰው ዓይኑ ክፍት ነው የሚቀረው። እጅ ነው የከደናቸው" አለ ሐኪሙ። "ሲነጋጋ ነው የሞተው። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ብትይ አትሳሳቺም።"

ረዳቷ ሳጅን ፍቃዱ ማስታወሻውን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። አባቱ ከደብረ ብርሃን በአስተማሪነት መጥተው መቀሌ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው።

"አለባበሱን አየኸው?" አለችው።

"ጥቁር ኮት። ንጹሕ ነጠላ። ጫፉ ግን ተቀዷል፤ የያዘው ሰው ነበር።"

"ጥለቱንስ?"

ፍቃዱ ጎንበስ አለ። ጥለቱ ከታች መሆን ሲገባው አንገቱ ሥር ነው።

"አዘቅዝቆታል" አለ ቀስ ብሎ። "ለቀስተኛ ነው የሚመስለው።"

"በሰፈሩ ማን ሞተ?"

"ጠይቄያለሁ። በዚህ ሳምንት ለቅሶ የለም።"

ለተመድህን ቀና ብላ ሜዳውን ቃኘችው። ማይ ሽንፋ ከሰሜን ክፍለ ከተማ ቤቶች አለፍ ብሎ፣ ወደ ውቅሮ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ ሜዳ ነው። የአንድ ድርጅት ክለብ ኳስ ይጫወትበት፣ ሯጮች ያሠለጥንበት ነበር። ድርጅቱ ተዘጋ፣ ጦርነት መጣ፣ የጎሉ ብረቶች ተነቅለው ተወሰዱ፣ የመሮጫውን መም እሾህ ዋጠው። ኣረጋዊ ግን ደመወዝ ከቀረበት በኋላም በየጠዋቱ መምጣቱን አልተወም።

አሁን ሜዳውን የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል። ለቱሪስት የሚሆን የድንኳን ሎጅ፣ አልጋና መታጠቢያ ያለው ሃያ ድንኳን፣ ሊሠራበት ታስቧል። ሰፈሩ ሁለት ሆኗል። ግማሹ ሥራ ይገኛል ይላል። ግማሹ የልጆቻችን ሜዳ ነው ይላል። በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ከተጠለሉት ተፈናቃዮች አንዱ፣ ሓየሎም የሚባል፣ ማክሰኞ በተደረገው ስብሰባ ተነሥቶ፣ "እኛ ከድንኳን የምንወጣበትን ቀን እንጸልያለን፤ እናንተ ሰው ለደስታው ድንኳን ውስጥ የሚያድርበት ቦታ ትሠራላችሁ!" ብሎ አዳራሹን በሳቅም በእንባም ሞልቶት ነበር።

በዚያው ስብሰባ ላይ ነው አሰልጣኝ ኣረጋዊ ዕቅዱን ደግፎ መፈረሙ የተሰማው። ከሁሉ በላይ ይቃወማል ተብሎ የተጠበቀው ሰው።

*

አስከሬኑን ያገኘውና ለፖሊስ የደወለው ጃፋር ነው፤ ቦታውን የሚለካው ቀያሽ። የኩሓ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው። የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ ተቀምጧል።

"ያገኘሁት እኔ፣ የደወልኩት እኔ፣ ችካሉም የኔ" አለ። "ስለዚህ ገዳዩም እኔ ነኝ ልትሉ ነው።"

"እስካሁን ማንም እንደዚያ አላለህም" አለችው ለተመድህን።

"ትላንት ተጨቃጭቀናል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"በምን?"

"በዚሁ በችካል። ሃምሳ ሁለት ተክያለሁ። አርባ ስድስቱን የነካቸው የለም። እዚያ ጥግ፣ የርዝመት ዝላዩ አሸዋ ዙሪያ የተከልኳቸው ስድስቱ ግን ሁለት ጊዜ ተነቀሉ። ሦስተኛ ልተክል ስል አሰልጣኙ ከለከሉኝ። 'ይሄን ጥግ ተወው፣ ልጄ፤ ዕቅዱ ይቀየራል' አሉኝ። እኔ ደግሞ የተቀየረ ዕቅድ አልደረሰኝም። ጮህኩባቸው። ልጅ ሳለሁ ያሠለጠኑኝ ሰው ናቸው። ጮህኩባቸው።"

"የነቀሉት እሳቸው ነበሩ?"

"አይደሉም። እንዲያውም የተነቀሉትን እየለቀሙ መቀመጫው ላይ ይከምሩልኝ ነበር። ያ የወደቀው ከክምሩ ነው።"

"ማን ነቀላቸው ታዲያ?"

"ጠይቄያቸው ነበር። 'ልቡ የተጎዳ ሰው ነው፣ አትቀየመው' ብለው አለፉኝ።"

"ዛሬ ጠዋትስ የት ነበርክ?"

"አሉላ አውሮፕላን ማረፊያ። ከአዲስ አበባ የተላከ መለኪያ ልቀበል ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት እዚያው ነበርኩ። ስመለስ ነው ያገኘኋቸው።"

ለተመድህን ለፍቃዱ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው፤ ሳጅኑም ስልኩን አውጥቶ ፈንጠር አለ።

*

የሎጁ ባለቤት የኔአለም ትባላለች። አባቷ ከጎጃም መጥተው መቀሌ ላይ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። መሐል ከተማ ባለው ቢሮዋ ወሬውን ቀድማ ሰምታ፣ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀቻቸው።

"ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ" አለች። "ለማስፈረም አስገደደችው፣ ከፈረመ በኋላ ደግሞ አስገደለችው ይላሉ። እኔ አሰልጣኙን ፈልጌ አልሄድኩም። ሰኞ ዕለት በእግራቸው የመጡት እሳቸው ናቸው።"

"ምን ብለው?"

"'ልፈርምልሽ፤ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ' አሉ። ይኸው።"

የዕቅዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ድንኳኖቹ በትንንሽ ክቦች ተሥለዋል። በሰሜን ምሥራቁ ጥግ ግን ሦስት ክቦች በእርሳስ ተሰርዘዋል።

"ይህን ጥግ እስከ ፋሲካ ማሽን እንዳይነካው፣ ከዚያ በኋላም ምንም እንዳይሠራበት ጠየቁኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው 'አደራ ነው' አሉ። 'አደራውን ለባለቤቷ እስካስረክብ ጊዜ ስጪኝ።' ይኸው ነው። ሰረዝኩት። ለቀያሹ ገና አልላክሁለትም ነበር።" ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። "ቶሎ ልኬለት ቢሆን ኖሮ ያ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር።"

"'ለባለቤቷ' ነው ያሉሽ? እርግጠኛ ነሽ?"

"'ለባለቤቷ።' እርግጠኛ ነኝ።"

*

የተቃዋሚዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኣቶ ሓድጉ ናቸው። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ፣ የማይ ሽንፋን የተመልካች መቀመጫ ሳይቀር በገዛ እጃቸው የገነቡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከሜዳው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ለተመድህንና ፍቃዱ ሲደርሱ በር የከፈተችላቸው ባለቤታቸው ለተገብርኤል ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት። ለቅሶው ፊቷን አሳብጦታል።

"ግቢ፣ ጓለይ፣ ግባ ወደይ" አለቻቸው፤ ልጄ፣ ልጄ ማለቷ ነው። "ኣረጋዊን ማን በላብን?"

ግድግዳው ላይ በመሮጫ ልብስ የምትስቅ ልጅ ፎቶ አለ። ከጓዳው በር ማዶ ደግሞ አንሶላው ተወጥሮ የተነጠፈ ጠባብ አልጋ ይታያል።

"ልጅዎ ናት?" አለች ለተመድህን።

"ትምኒት። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው የምትሮጠው፤ የኣረጋዊ ልጅ ነበረች ማለት ይቀላል። በጦርነቱ ጊዜ እኔ አጉላዕ እኅቴ ዘንድ ሄጄ መንገድ ተዘጋብኝ። ስመለስ ከጓደኞቿ ጋር በሱዳን በኩል ወጥታለች። አምስት ዓመት አለፈ። ወሬዋን የሚያመጣልኝ ኣረጋዊ ነበር። አንድ ጊዜ ከሰላ በምትባለው የሱዳን ከተማ ታየች አለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ደኅና ናት፣ ስልክ የላትም እንጂ አለኝ።" የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቃተተች። "አሁን ማን ያመጣልኛል?"

ሓድጉ ወለሉን ነበር የሚያዩት።

"ውሃ አምጪላቸው" አሏት ድንገት።

ባለቤታቸው ወደ ጓዳ ስትገባ ለተመድህን ወንበሯን ሳብ አድርጋ እንደ አባት ጠራቻቸው። "ኣቦይ ሓድጉ፣ ኣረጋዊ በመፈረሙ ተቀይመውት ነበር?"

"ጓደኛዬ ነበር። አርባ ዓመት። ተቀይሜዋለሁ፣ አልዋሽሽም።"

"ለምን ይመስልዎታል የፈረመው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ሲያረጅ ይደክመዋል።"

"ዛሬ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የት ነበሩ?"

"ቅዳሴ" አሉ ቶሎ ብለው። "ከባለቤቴ ጋር ቤተክርስቲያን ሄደን ቅዳሴ አስቀድሰን ነው የተመለስነው።"

ፍቃዱ ጻፈው። ለተመድህን ደግሞ እጃቸውን አየች። የግንበኛ እጅ ነው፤ ሰፊ፣ የተሰነጣጠቀ። ጉልበታቸው ላይ ተጋድሞ ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ እንዳይንቀሳቀስ በግድ የተያዘ ይመስል ነበር።

ስትወጣ ለተገብርኤል እስከ በሩ ሸኘቻት። ለተመድህን የዚያን አልጋ አንሶላ መለስ ብላ አየችው። የእሷም እናት ለጠፋው ወንድ ልጇ እንደዚያ አንጥፋ ነበር፤ መርዶው እስከመጣበት ጠዋት ድረስ።

*

ሐሙስ እስከ ቀትር የሄዱበት መንገድ ሁሉ ዘግቶ መለሳቸው።

የጃፋር ቃል እውነት ሆነ። የአውሮፕላን ማረፊያው ጥበቃ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ አይቶታል፤ ዕቃውን የተረከበበት ወረቀትም ሰዓት አለበት። ከዚያ ፍቃዱ ሓየሎምን አነሣ። ማክሰኞ ከስብሰባው ሲወጡ ኣረጋዊን ደረቱን ይዞ "ሸጥከን!" ሲለው ያዩ አሉ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲያገኙት ሓየሎም ጄሪካን ተሸክሞ ነበር። ጠንካራ፣ ቁጡ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

"ብያለሁ፤ ሸጥከን ብያለሁ" አለ። "መልሱን ልንገርሽ? 'ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው የለኝም፤ የምመልሰው ነው ያለኝ' አለኝ። አልገባኝም። ጥዬው ሄድኩ።"

"ትላንት ጠዋትስ?"

"ውሃ ሰልፍ። ቦቴው የሚመጣው ሲነጋ ነው፤ ተራውን ለቆ የሚሄድ ሰው የለም። ጠይቂያቸው።"

ጠየቁ። አሥር ያህል ሰው አንድ ቃል ተናገረ።

"የሚመልሰው ነገር አለው" አለች ለተመድህን መኪና ውስጥ። "አደራ አለው። የአደራው ባለቤት ሴት ናት። ልቡ የተጎዳ ሰው ችካል ይነቅላል። ኣረጋዊ ደግሞ ማንም ባልሞተበት ሰፈር ነጠላ አዘቅዝቆ በጠዋት ይወጣል።"

"እኔ ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ዓይኑን ነው" አለ ፍቃዱ። "ገድሎ ዓይን የሚከድን ጠላት አላውቅም።"

"ወደ ሜዳው መልሰኝ።"

ቀትሩ ያቃጥላል። የርዝመት ዝላዩ ጥግ ስትደርስ ለተመድህን ቆማ ቀረች። ትላንት ዓይኗ አይቶት ልቧ ያላየው ነገር ነበር። ሜዳው በሙሉ እሾህና ድንጋይ ነው፤ አሸዋው ላይ ግን አንዲት ሣር እንኳ የለችም። በጥርሳም ብረት የተበጠረ ይመስላል፤ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። አምስት ዓመት ማንም ያልዘለለበትን አሸዋ በየጠዋቱ የሚያበጥር ሰው ነበር።

አሸዋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ኢንስፔክተር?" አለ ፍቃዱ።

"ምንም አትንካ" አለችው። "ማንም እንዳይረግጠው።"

በዚያው ቅጽበት በሜዳው ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ነጭ የለበሰች ሴት ስታልፍ አየች። ለተገብርኤል ናት። ወደ እነሱ ዘወር ብላ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። ለተመድህን ተነሥታ ሄደች፤ ወደ አሸዋው እንዳትቀርብ መንገዷ ላይ ተገናኘቻት።

"ወዴት ነው፣ ኣደይ?" አለቻት እንደ እናት አክብራ።

"ቅዳሴ ሊገባ ነው። ለኣረጋዊ ነፍስ ልጸልይ፤ ለትምኒትም ስለቴን ላድስ።"

"በቀትር ቅዳሴ?"

ለተገብርኤል በአዘኔታ አየቻት። "ጓለይ፣ ሥራው ቤተክርስቲያን አስረሳሽ። ዐቢይ ጾም አይደል? በአዘቦት ቀን የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋትማ የኪዳን ጸሎት ብቻ ነው።"

ለተመድህን ረጋ ብላ ጠየቀች። "ትላንት ጠዋት ኪዳን ሄደው ነበር?"

"እወ፣ ሳይነጋ።"

"ኣቦይ ሓድጉም አብረው?"

"ሓድጉ?" አለች ለተገብርኤል፤ ከለቅሶዋ መሐል ፈገግታ መሰል ነገር ብልጭ አለባት። "እሱማ ትምኒት ከሄደች ወዲህ ደጀ ሰላም ረግጦ አያውቅም። እግዜርን ተቀይሞታል መሰለኝ። ምነው?"

"ምንም" አለች ለተመድህን። "ይሂዱ፣ አይርፈድብዎ። ለእኔም ይጸልዩልኝ።"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ለተመድህን በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው ዋሽታ አውጣጥታለች። እንደዚያን ቀን ግን ራሷን የጠላችበት ጊዜ አልነበረም።

*

ሓድጉን ከቤታቸው ጠርተው ወደ ሜዳው አመጧቸው። መቀመጫው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ለተመድህን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ቦታ አሳየቻቸው።

"ኣቦይ ሓድጉ፣ ትላንት ጠዋት ቅዳሴ አልነበረም።"

ሓድጉ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

"ኪዳን ብለውኝ ቢሆን ኖሮ አምንዎት ነበር። ቤተክርስቲያን ከተዉ ግን አምስት ዓመት አልፎዎታል። የጾሙን ሥርዓት የምታውቀው ባለቤትዎ ናት።"

ሓድጉ በእግራቸው ሥር ያለውን ሲሚንቶ በጣታቸው ዳበሱ። ኣረጋዊ የወደቀበት ቦታ በውሃ ታጥቧል፤ እድፉ ግን አልለቀቀም።

"አሸዋውን ቆፈራችሁት?" አሉ በመጨረሻ።

"አልነካነውም። ከእርስዎ ልስማ ብዬ ነው።"

ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከመዳፋቸው ሥር የወጣው ድምፅ ለቅሶም ሳልም አይመስልም ነበር። ፍቃዱ ፊቱን አዞረ።

"መድፍ ከተማው ላይ የወደቀ ቀን ነው" አሉ። "ትምኒት ጫማዋን ሜዳው ላይ ረስታ ነበር። የመሮጫ ጫማዋን። ተይ አልኳት፤ 'ሮጬ እመለሳለሁ፣ ኣቦይ' አለችኝ። መሮጥ ትችል የለ? ድምፁን ስሰማ ተከተልኳት። ስደርስ ኣረጋዊ አቅፏታል። ደሟ ልብሱን አርሶታል።"

"ቤተክርስቲያን መውሰድ አልተቻለም?"

"ማን ወጥቶ? በየትኛው መንገድ? ሁለት ሽማግሌ ነን። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ የሚቆፈር አሸዋው ብቻ ነበር። በአካፋ፣ ከዚያ በእጃችን። ካህን የለ፣ እጣን የለ፣ የሠርጓን ዕልልታ ሳንሰማ፣ ልቅሶዋንም አላለቀስንላት፤ ሰው እንዳይሰማን ፈርተን። እኔ ለድንጋይ እንኳ ልክ የማወጣ ሰው፣ ልጄን እንደዚያ ቀበርኩ።"

"ባለቤትዎ ስትመለስስ?"

"ከአንድ ወር በኋላ መጣች። መንገዱን በእግሯ ነው የጨረሰችው። በሩ ላይ ቆማ 'ትምኒትስ?' ስትለኝ አፌ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ የወጣው ሌላ ሆነ። ሄደች አልኳት። እስኪረጋጋ ብዬ ነው። ከዚያ ኣረጋዊን ለመንኩት። እሱ ውሸት አያውቅም ነበር፤ እኔ አስተማርኩት። ከሰላ ታየች በል አልኩት። አለ። ያን ቀን ለተገብርኤል ከወር በኋላ እህል ቀመሰች። እንዴት ልመልሰው? አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትመልሽው ነበር?"

"ችካሎቹስ?" አለች ለተመድህን።

"ዕቅዱ ሲመጣ ተቃወምኩ። የወጣቱ ሜዳ ነው እያልኩ ጮህኩ፤ ሰው አመነኝ። ችካሉንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። ኣረጋዊ ግን 'ማሽን ሳያወጣት እኛ እናውጣት' አለ። 'ለደብረ ዘይት እሑድ ካህን ይፍታት። እናቷ ትቅበራት። እኔ በዚህ ውሸት መሞት አልፈልግም።' ማክሰኞ ከስብሰባው ስንወጣ፣ ነገ ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ እነግራታለሁ አለኝ። በጠዋት እዚህ ጠበቅሁት። ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ ሳየው... መርዶ ነጋሪ ሆኖ መጣ። የልጄ ሞት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።"

"ከዚያስ?"

"ለመንኩት። ተንበረከክሁ። 'ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዛሬ ይበቃል' ብሎ ሊያልፈኝ ደረጃውን ወጣ። ነጠላውን ያዝኩት። ተቀደደ። ደረቱን ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው፤ እንዲቆም ነው። ወደ ኋላው ሄደ።" ጠርዙን በዓይናቸው አሳዩ። "ይሄን ጠርዝ እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሹል ሆኖ እንዲያምር ብዬ። ሦስት ጊዜ ስሙን ጠራሁት። ዓይኑን ከደንኩለት። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ተቀመጥኩ።"

ከሩቅ የከበሮ ድምፅ የሌለበት የጾም ዜማ በነፋስ እየተቆራረጠ ይሰማል። ቅዳሴው ገብቷል።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉ ሓድጉ። "እሰሪኝ። ጓደኛዬን ገድያለሁ፤ ዕዳዬን ልክፈል። ለእሷ ግን ተጣልተን ገደልኩት በያት። ስለ ሜዳው ተጣልተን። አሸዋውን ተዉት።"

"አይሆንም፣ ኣቦይ ሓድጉ።"

"ትሞትብኛለች።"

"ዛሬ ስለት ልታድስላት ነው የሄደችው" አለች ለተመድህን። "ለሞተች ልጅ። እኔም እናት አለኝ። ወንድሜን ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። መርዶው ሲመጣ ወድቃ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ተነሥታ አለቀሰችው። ይሄን መከልከል አልችልም።"

ሓድጉ ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ አድርገው ዘረጉላት።

*

መርዶ በጠዋት ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትወጣ ለተመድህን፣ የለተገብርኤል የንስሐ አባት፣ ከአጉላዕ የተጠራችው እኅቷና አራት የሰፈር ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ለተገብርኤል ባሏ ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ በማደሩ እንቅልፍ አላየችም። በሩን ስትከፍት ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ካህኑን አየች። እኅቷን አየች። የሁሉም ነጠላ ተዘቅዝቋል።

"ሓድጉ ነው?" አለች።

እኅቷ ልትይዛት ቀረበች።

"ሓድጉ አይደለም" አለች፤ ራሷ ለራሷ። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

ሁሉንም ነገሯት፤ የሞተችበትን ቀን፣ የተኛችበትን ቦታ፣ የኣረጋዊን ነገርም። ለተመድህን የጠበቀችው ጩኸት ነበር። ጩኸቱ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ አስቀድሞ ግን ለተገብርኤል አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

"ጭንቅላቷ በየት በኩል ነው?"

ማንም አያውቅም ነበር። ለተመድህን ወደ ጣቢያው ደውላ ሓድጉን አስጠየቀች። "ወደ ምሥራቅ" የሚል መልስ መጣ። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

*

ከአሸዋው የወጣችውን ትምኒትን በደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሯት። ኣረጋዊም ከሁለት ቀን በፊት እዚያው የቤተክርስቲያኑ ግቢ አርፏል። ሓድጉ በሁለት ፖሊስ ታጅበው መጡ። ለተመድህን ከቅጥሩ ውጭ ካቴናውን አስፈታችላቸው። ፍቃዱ "ደንቡስ?" አለ በዝግታ፤ "እኔ እጠየቅበታለሁ" አለችው።

ሽማግሌው ከአምስት ዓመት በኋላ ደጀ ሰላሙን ሲረግጡ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ከባለቤታቸው ትይዩ ቆሙ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ለተገብርኤል ቀና ብላ አየቻቸው።

"በጠዋት በማታ ደኅና ያግባልኝ አልኩ" አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም፣ ግን ሁሉም ሰማው። "ለመንገድ፣ ለበረሓ፣ ለባሕር ጸለይኩላት። አንድ ቀን ነፍስ ይማር አላልኳትም፣ ሓድጉ። አምስት ዓመት ያለ ጸሎት አስተኛኸት። አንተ ለእኔ ስታዝን፣ ለእሷ ማን አዘነላት?"

ሓድጉ ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ፤ እጃቸው ግን አልፈታ አለ። ጭብጣቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ፤ የለተገብርኤል እኅት መጥታ ጣታቸውን አንድ በአንድ እስክትከፍትላቸው ድረስ።

*

የሜዳው ጉዳይ በግንቦት መጨረሻ በሰፈሩ አዳራሽ እንደገና ቀረበ። የኔአለም አዲስ ዕቅድ ይዛ መጣች፤ ድንኳኖቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል፣ መሙም ተጠግኖ ለሰፈሩ ልጆች ይተዋል። ጃፋር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሓየሎም አሁንም ተቃወመ፤ "የኛ ድንኳን ሳይነሣ የናንተ አይተከል" አለ፤ አጨበጨቡለትም። ለተመድህን በሥራ ሳይሆን በራሷ ፈቃድ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች።

ጥቁር የለበሰችው ለተገብርኤል እጇን አወጣች።

"እኔ ስለ ቱሪስት አላውቅም" አለች። "ሓየሎም ያለውም ልክ ነው፤ መጀመሪያ እነሱ ቤታቸው ይግቡ። ግን ሜዳውን ባዶውን አትተዉት። ልጄን የደበቀብኝ ባዶነቱ ነው። ሰው ቢገባበት፣ ልጅ ቢሮጥበት፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ይህ አሸዋ ለምን ይበጠራል ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይኸው ነው።"

ተቀመጠች። ስብሰባው በዚያ ቀን አልተቋጨም፤ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

ለተመድህን ውጪ ጠበቀቻት። ለተገብርኤል በክንዷ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላለች፤ ወደ ማረሚያ ቤቱ መሄጃዋ ነው። በየሳምንቱ ለጥበቃው ሰጥታ እንደምትመለስ ለተመድህን ሰምታለች።

"ዛሬ ያገኟቸዋል?" አለቻት።

ለተገብርኤል ዕቃውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረችው።

"ምግቡን አደርሳለሁ" አለች። "ፊቱን ለማየት ግን ገና ነኝ፣ ጓለይ።"

ታክሲው ሲመጣ ለተመድህን በሩን ከፈተችላት፤ ምግቡ እንዳይደፋ ዕቃውን ተቀብላ ያዘችላት፤ ተደላድላ ስትቀመጥም ጭኗ ላይ አኖረችላት።